አንድ ሞተር ለከተማችን ክብር አይመጥንም

ደብዳቤው ክብ ማኅተም ያረፈበት ነበር። «ውቅያኖስን በአውሮፕላን ላቋረጠችው የመጀመሪያዋ የጎጃም ልጅ» ብሎ ይጀምራል። ዓይናዲስ ጀምበሩ ይህን መስመር ሁለቴ አነበበችና ሳቀች። ውቅያኖስን በአውሮፕላን ማቋረጥማ ስንቱ የጎጃም ልጅ ጫማውን አውልቆ፣ ዶሮ በሩዝ በልቶ፣ እያንኮራፋ ያቋርጠው የለም እንዴ! የእሷ ልዩነቱ አውሮፕላኑን ራሷ ማብረሯ፣ አውሮፕላኑም ከአንድ ሚኒባስ እምብዛም የማይበልጥ፣ አፍንጫው ላይ አንዲት ሞተር ብቻ ያለችው መሆኑ ነው። ደብዳቤው ከሁለቱ አንዱንም አላነሳም።

ዓይናዲስ ሮብ ገበያ ተወልዳ ደብረ ማርቆስ የተማረች፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላት፣ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም የሆነ ሴት ናት። ማብረር የተማረችው ኬንያ ነው። እንጀራዋ አውሮፕላን ማድረስ ነው። አሜሪካ የተሠራችን ትንሽ አውሮፕላን አፍሪካ ያለ ሰው ሲገዛት፣ አንድ ሰው ተቀምጦባት ባሕሩን አሻግሮ ለገዢው ማስረከብ አለበት። ያ ሰው እሷ ናት። እናቷ ወይዘሮ ያለምዘውድ ይህ ሥራ ከማንም ቀድሞ የገባቸው ሰው ነበሩ።

«በይ እንግዲህ፣ ገበያ ላይ የተሸጠ በቅሎ አድራሽ ነኝ በይኛ!» ብለዋት ነበር።

«እንዲያ ነው እምዬ።»

«ስትመለሺስ? በእግርሽ?»

«በሌላ አውሮፕላን ተሳፍሬ።»

«እሱንስ ማን ነድቶት?»

«ሌላ አድራሽ።»

«ወይ የሰው እንጀራ!» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዋ ጠይቀዋትም አያውቁ።

ደብረ ማርቆስ ግን የበቅሎ አድራሽ አልፈለገችም፤ ጀግና ፈለገች። ነገሩ የተነሳው በአንድ የስልክ ቪዲዮ ነው። ባለፈው ኅዳር ዓይናዲስ አትላንቲክን ስታቋርጥ ውቅያኖሱ መሀል ያሉት አዞረስ ደሴቶች ላይ አርፋ፣ ከአውሮፕላኗ ስትወርድ ጉልበቷ ከድቷት አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች። ባሕር ላይ ቢወድቁ ከብርድ የሚያድን ብርቱካንማ የላስቲክ ልብስ ለብሳለች፤ ፊቷ የአመድ መልክ አለው። እዚያ የሚሠራ ሰው ቀረጻት። ቪዲዮው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ደብረ ማርቆስ የደረሰው «መሬቷን ተንበርክካ ስትሳለም» በሚል ጽሑፍ ነው። ያኔ ኮሚቴ ተቋቋመ። እሷ በጥር እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ኮሚቴው በሥሩ ሦስት ንዑስ ኮሚቴ ወልዶ ጠበቃት።

ሰብሳቢው አቶ በላቸው ነበሩ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ መምህሯ። አሁን ጡረታ ወጥተው፣ በከተማው ውስጥ ስብሰባ በተባለበት ሁሉ ፊት ወንበር ላይ የማይጠፉ ሽማግሌ ሆነዋል። በስብሰባው ቀን እያንዳንዱ ሰው ፊት አንድ አንድ የታሸገ ውሃ ተቀምጧል። አቶ በላቸው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ።

«ይህችን ልጅ ገና በልጅነቷ፣ ‹አንቺ ሰማዩን ትቀዝፊዋለሽ› ያልኳት እኔ ነኝ። መምህር ማለት ነገን የሚያይ ነው።»

ዓይናዲስ በጥሞና ሰማቻቸው። ከዚያ በትሕትና እጇን አወጣች፤ ልክ እንደ ድሮው።

«ቲቸር፣ ያኔ ያሉት እንኳ እንዲያ አልነበረም። ‹ዓይናዲስ አብራሪ ከሆነች እኔም ጳጳስ እሆናለሁ› ነበር ያሉት። ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል። ሀገረ ስብከትዎ የት ደረሰ?»

አንዱ የኮሚቴ አባል የጎረሰው ውሃ በአፍንጫው ወጣ። አቶ በላቸው ፈገግ ብለው፣ «ቀልድሽ ዛሬም አለቀቀሽ» አሉና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፉ። ቀጣዩ አጀንዳ ሐውልቱ ነበር።

ሐውልት መባሉን ስትሰማ ዓይናዲስ የምትገባበት ጠፋት። በሕይወት ላለ ሰው ሐውልት! እንቢ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሐውልቱ የእሷ ሳይሆን የአውሮፕላኑ መሆኑን፣ ሥራውም ሁለት ሦስተኛው ማለቁን ነገሯት። በነጋታው አቶ በላቸው ራሳቸው ወደ አማኑኤል መውጫ፣ ሐውልቱ ወደሚሠራበት ግቢ ወሰዷት።

ሠሪው ገዳሙ ይባላል። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ጣቶቹ በሲሚንቶ የተሰነጣጠቁ ሰው ነው። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር፤ ትምህርቱን ትቶ ወጥቶ የመቃብር መስቀልና የሆቴል በር አንበሳ መሥራት ያዘ። አንበሶቹ ውሻ ይመስላሉ እየተባለ ይታማል። ግቢው መሀል፣ በእንጨት ተደግፎ፣ የሲሚንቶ አውሮፕላን ቆሟል። ረጅም ነው፣ ወፍራም ነው፣ ጎንና ጎኑ ላይ የመስኮት ሰልፍ አለው። በየክንፉ ሥር አንድ አንድ የውሃ በርሜል የሚያካክል ሞተር ተንጠልጥሏል።

ዓይናዲስ ዙሪያውን ዞረችው።

«ይኼ የማን ነው?»

«ያንቺ ነዋ!» አሉ አቶ በላቸው።

«ይኼ ሁለት መቶ ሰው ይጭናል ቲቸር። የእኔ ሁለት ወንበር ነበራት፤ አንዱንም ነቅለን የነዳጅ ታንክ አስቀምጠንበታል። ሞተሯ አንድ ነው። እፊቷ ላይ።»

ገዳሙ መዶሻውን አስቀምጦ ቀረብ አለ። «አንድ? አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

«ይኼማ ባጃጅ ነው!»

«ባጃጅ በለው። ስትቆም ገፍቶ የሚያስነሳልህ ሰው የሌለበት ባጃጅ።»

ገዳሙ ሳቀ። አቶ በላቸው ግን አልሳቁም። «ስሚ ልጄ» አሉ፣ ክንዷን ይዘው ዞር እያደረጓት፤ «የክብር እንግዶች ይመጣሉ። አደባባዩ ላይ ሰው መጥቶ ሲያይ፣ ጎጃም ይህን አደረገ ነው የሚለው። አንድ ሞተር ለከተማችን ክብር አይመጥንም። ኮሚቴው ተወያይቶበት በድምፅ ያለፈ ነው።»

«በድምፅ?»

«በሙሉ ድምፅ።»

አቶ በላቸው ሌላ ስብሰባ ስለነበረባቸው ሰዓታቸውን አይተው ሄዱ።

ገዳሙ ከሄዱበት አቅጣጫ ዓይኑን ሳይነቅል፣ «የእኚህ ሰው ስም ላልቶ ሲነበብ ጀግና ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ሰው አይተርፈውም» አለ። ዓይናዲስ ትንሽ ቆይታ ገባትና፣ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። እሱም የሲሚንቶ ከረጢት አንጥፎ አስቀመጣት። «በይ ንገሪኝ፣ በዚያች በአንዷ ምን ደረሰብሽ? ኮሚቴው የነገረኝ ሌላ ነው፤ መብረቅ መትቷት፣ ርግብ መርቷት ነው ያሉት።»

ነገረችው። ለማንም ያልነገረችውን ነገረችው።

ከካናዳ ጫፍ ተነስታ እስከ አዞረስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል መንገድ ነበር። ከስር ውሃ፣ ከላይ ደመና፤ በመሀል እሷና ሞተሯ። አምስተኛው ሰዓት ላይ ደመና ውስጥ ገባች፤ ክንፉ ጫፍ ላይ ነጭ በረዶ መጋገር ጀመረ። ከዚያ ከጀርባዋ ያለው ትልቁ ታንክ እንግዳ ድምፅ አሰማ። ዞር ብላ ስታይ፣ የጁስ ካርቶን በቀጭን ቱቦ ተመጥጦ ሲያልቅ ጎኑ እንደሚገባው፣ የታንኩ ጎን ወደ ውስጥ ገብቷል። ያኔ ሞተሩ አሳለው። ደግሞ አሳለው። ከዚያ ዝም አለ።

«ዝም?» አለ ገዳሙ።

«ዝም። ንፋሱ ብቻ ይሰማል። ወደ ክንፎቹ ታንክ ቀይሬ፣ ፓምፑን ከፍቼ እስኪነሳ ሃያ ሰከንድ ቢሆን ነው። ሃያ ሰከንድ ግን…»

ሞተሩ ተነሳ። ክንፎቹ ውስጥ ያለው ነዳጅ ግን የሦስት ሰዓት ነው። ከፊቷ ያለው መንገድ አራት ሰዓት ተኩል፤ ከኋላዋ ያለው አምስት። ትልቁ ታንክ ሙሉ ነዳጅ ተሸክሞ ጠብታ አይሰጥም። መተንፈሻ ቱቦው በበረዶ ስለተደፈነ አየር አይገባውም፤ አየር ካልገባው ነዳጁ አይወጣም። ያላት ምርጫ አንድ ነበር፤ ሞቅ ያለ አየር ፍለጋ መውረድ። ወረደች። ማዕበሉ ላይ የሚነሳው አረፋ አንድ በአንድ እስኪቆጠር ድረስ ወረደች። ከሷ በላይ እጅግ ከፍ ብሎ የሚያልፍ የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ በሬዲዮ አገኛት፤ ስሟን ጠየቃት፣ ያለችበትን ቦታ መዘገበ፣ «አይዞሽ፣ ለነፍስ አድኖች እናገራለሁ» አላት። ነፍስ አድኖቹ የሚደርሱት ግን ውሃው ውስጥ ከገባች ከብዙ ሰዓት በኋላ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ስለዚህ ሌላ ወሬ አወሩ። ስለ ልጆቹ ነገራት። አርባ ደቂቃ እንዲያ ሄደች። ከዚያ ከአውሮፕላኗ ሆድ ሥር አንድ ነገር ተላቆ ሲወድቅ ሰማች፤ የታንኩ ጎን ጓ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ገዳሙ፤ ግንባሩን ጠራረገ።

«አልጨረስኩም» አለች ዓይናዲስ። «ከመነሳቴ በፊት ማለዳ ላይ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ቱቦውን አይቶ፣ ‹ይኼ አፉ ወደ ፊት ዞሯል፤ በረዶ ይጎርሳል። አሥር ደቂቃ ስጪኝ፣ ወደ ኋላ ላዙረው› አለኝ። እኔ ምን አልኩት መሰለህ? ‹ይህን ባሕር አሥራ አንድ ጊዜ ተሻግሬዋለሁ። አንተ ስንት ጊዜ ተሻገርክ?› አልኩት። መፍቻውን ኪሱ ከትቶ ሄደ።»

ገዳሙ ሊያጽናናት አልሞከረም።

«ታዲያ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቅሽው?»

«አልጠየቅኩትም።»

«ሁለት ወር ሙሉ?»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ካናዳ ሲነጋ ጠብቃ ለሽማግሌው መካኒክ ደወለች። ስታስበው የነበረውን ንግግር ሁሉ አዘጋጅታ ነበር፤ ሽማግሌው እንደሚያለቅስ ሁሉ ገምታለች። ስሟን ነገረችው። አላወቃትም። ስለ ቱቦው ነገረችው። ትንሽ አሰበና፣ «የትኛዋ ነሽ? አልሰማም የምትሉኝ እኮ ብዙ ናችሁ» አላት። ይቅርታ ስትለው፣ «አሁንስ አዞርሽው?» ብሎ ጠየቃት። አዙሬዋለሁ አለችው። «ደግ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ዓይናዲስ ስልኩን ይዛ ቆመች። በጸጸቷ እንኳ ራሷን ምን ያህል ከፍ አድርጋ ሰቅላው እንደነበር ያን ጊዜ ገባት፤ አፈረች።

የምረቃው ቀን እሑድ ነበር። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ባንዲራውን ሲያማታው ያረፍዳል። ድንኳን ተተክሏል፤ የክብር እንግዶች ለስላሳ ወንበር ላይ፣ ሕዝቡ ደግሞ ፀሐይ ላይ ነው። ሐውልቱ በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኖ አደባባዩ መሀል ቆሟል። አንጸባራቂ ወረቀት ላይ የታተመ መጽሔት ታደለ። ዓይናዲስ ገልጣ አነበበች፦ «ሁለቱም ሞተሮች በመብረቅ ተመትተው በጠፉ ጊዜ፣ ጀግናዋ የመምህሯን የአቶ በላቸውን የፊዚክስ ትምህርት አስታውሳ…»

አቶ በላቸው ይህንኑ በቃላቸው ደግመው፣ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቀው፣ ማይክሮፎኑን ሰጧት። ወደ ጆሮዋ ተጠግተው፣ «አጠር አርጊው፤ አመስግነሽ ውረጂ» አሏት።

አጠር አደረገችው።

«አውሮፕላኗ ሁለት ሞተር የላትም፤ አንድ ነው ያላት። መብረቅ አልመታትም። ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የሚያውቅ ሰው ሲመክረኝ ንቄው ነው። የተረፍኩት በረዶው ስለቀለጠ ነው። መሬት ስደርስ መሬቷን አልተሳለምኩም፤ እግሬ እንቢ ብሎኝ ነው የወደቅሁት። ለመጣችሁበት እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ታዲያ ምኑ ነው የሚያስሸልም?» ስትል ሁሉም ሰማት። ዓይናዲስ ያን ቀን ከተነገረው ሁሉ ይህች ቃል የበለጠ እውነት እንዳላት አሰበች። ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ፤ የተቀሩት ማጨብጨብ ያለባቸው መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ወደ ክብር እንግዶቹ አዩ። የክብር እንግዶቹ መጽሔቱን አዩ። የመድረኩ መሪ ቶሎ ብሎ ሙዚቃ አስከፈተ፤ ሸራው ይገለጥ ተባለ።

ሸራው ተገለጠ።

በክንፎቹ ሥር ሞተር የለም። ሁለቱም ክንፎች ላይ የተቆለመመ የብረት ፍንጣሪና ትኩስ የመዶሻ ጠባሳ ብቻ ነው የቀረው። አፍንጫው ላይ፣ ገና ያልደረቀ ሲሚንቶ ውስጥ፣ ባለ ሁለት ምላስ የእንጨት ፕሮፔለር ተሰክቷል። ጎኑ ላይ የነበሩት መስኮቶች ተደፍነዋል፤ ሁለት ብቻ ቀርተዋል።

«ኧረ ሞተሩን ሰርቀውታል!» አለ አንዱ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። «ላም አለኝ በሰማይ!» አለ ሌላው።

አቶ በላቸው ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ገዳሙን ፈለጉት። ድንኳኑ ዳር፣ ንጹሕ ጋቢ ለብሶ ቆሟል።

«ማን ፈቀደልህ? ማን?»

«ባለቤቷ አንድ ነው አለች» አለ ገዳሙ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ደግሞስ ጌታዬ፣ ሰው ለአንድ ሞት ሁለት ሞተር ምን ይሠራለታል?»

አጠገባቸው የነበሩ ሁለት ቄሶች ቃሉን አጣጥመው ተያዩ። አቶ በላቸው ግን ቅኔ የሚሰሙበት ጊዜ አልነበረም። ገዳሙ በዚያው ሳምንት ከከተማው ሥራ ሁሉ ተሰረዘ። ዓይናዲስ ይህን ስትሰማ ግቢው ድረስ ሄዳ፣ «በእኔ ምክንያት» ብላ ልትጀምር ስትል፣ «አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አላት። «ሃያ ዓመት አንበሳ ሥራ ሲሉኝ ውሻ ስሠራ ኖርኩ። አንዴ እንኳ የሚመስል ነገር ልሥራ ብዬ ነው።» አንድ የመቃብር መስቀል እያለሰለሰ ነበር፤ ሥራውን አላቋረጠም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አቶ በላቸው ወደ ወይዘሮ ያለምዘውድ ቤት መጡ። ከቦርሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ። «በረጅም ጉዞ ድካም ምክንያት በመድረክ ላይ ትክክል ያልሆነ ንግግር በማድረጌ…» ይላል። ሌላ ባለሙያ እንደተገኘ፣ ሁለቱ ሞተሮች በሳምንቱ መጨረሻ እንደሚመለሱ፣ የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ እንደሆነ አስረዷት።

«አልፈርምም ቲቸር።»

«ለራስሽ ክብር ነው።»

«የራሴን ክብር መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ።»

እናቷ ጠላ ቀድተው ሰጧቸው። አቶ በላቸው ተቀብለው ጠጡ። ወረቀቱ ጉልበታቸው ላይ ነው። ከቆይታ በኋላ፣ ወደ እሷ ሳያዩ፣ በማታውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ ጠየቋት።

«ለመሆኑ… ወደ ታች ስትወርጂ፣ ባሕሩ ምን ይመስላል?»

ዓይናዲስ አየቻቸው። እያሾፉ አይደለም።

«ባሕር አይተው አያውቁም?»

«የት አባቴ አይቼ! ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ ሞገድ አስተማርኩ፤ ያየሁት ትልቁ ውሃ ዓባይ ነው። እሱንም በአውቶቡስ መስኮት።»

ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ አልመጣላትም።

«ከላይ ሲያዩት ልሙጥ ነው» አለች። «ጥቁር ነው። ዝቅ ሲሉ ግን ኮረብታ ነው ቲቸር፤ ከዚህ እስከ ሮብ ገበያ ያለውን አገር ያስቡት። ያ ሁሉ ኮረብታ ተነስቶ ይጓዛል። ሊበላዎት የሚመጣ ይመስልዎታል። ውሃው ግን የትም አይሄድም፤ እዚያው ከፍ ዝቅ ነው የሚለው። የሚሄደው ሞገዱ ብቻ ነው።»

«ውሃው አይሄድም!» አሉ አቶ በላቸው፤ ወንበራቸው ላይ ቀጥ አሉ። «ሞገድ ጉልበት ያሻግራል እንጂ ውሃውን አይወስድም! ምዕራፍ አራት!»

«አዎ። አስተምረውኝ ነበር።»

ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ዓይናቸው ውሃ ያዘ። ለአፍታ ያህል ዓይናዲስ ወደዳቸው፤ ያን ትንሽ ሰሌዳ፣ ያን በጠመኔ የተሳለ ሞገድ አስታወሰች። እሳቸውም እጇን ያዙ።

«ታዲያ አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ይኼን ነበር እኮ መድረክ ላይ መናገር! ‹በላቸው ያስተማረኝ ሞገድ አዳነኝ› ብትዪ ምን ነበረበት? አሁንም አልረፈደም፤ እዚህ ወረቀት ግርጌ ላይ ብንጨምረው…» ብዕራቸውን ፍለጋ ኪሳቸው ገቡ።

ወይዘሮ ያለምዘውድ ከጓዳ ብቅ ብለው ሁለቱንም አዩ። «መምህር፣ ጠላው ይደገም ወይስ ይሄዳሉ?» አሉ። አቶ በላቸው ብዕራቸውን እስኪያገኙ ድረስ ይደገም አሉ።